አሥራ አራት ሰማያዊ በሮች

ሌላው ሰው ውለታ ሲዋልለት "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። እኔ አልችልም። አንድ ብርጭቆ ውሃ ላጠጣኝ ሰው ጉድጓድ ካልቆፈርኩለት እንቅልፍ የማይወስደኝ ፍጡር ነኝ። እናቴ በልጅነቴ፣ "ይህ ልጅ አንድ ቀን በምስጋና ሰው ይጨርሳል" ትል ነበር። እስካሁን የጨረስኩት ሰው የለም። ሀርጌሳ ዳር ያለችውን ሰፈሬን ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ራሷን እንዳታውቅ አድርጌያታለሁ። እሱን ነው የማወጋችሁ።

የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ቀለም ቅብ ነው። ሀርጌሳ ከገባሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። መጀመሪያ የኖርኩት መሀል ከተማ፣ ገበያው ሥር፣ ከስድስት ግንበኞች ጋር በአንዲት ክፍል ነበር። በስተግራ ጄኔሬተር፣ በስተቀኝ ድምፅ ማጉያ የሚሸጥ ሱቅ። ድምፅ ማጉያ የሚሸጥ ሰው ዕቃው እንደሚሠራ ለገዢ እንዴት እንደሚያስረዳ መቼም ታውቁታላችሁ። ሚኒባሶቹ ደግሞ ጥሩምባ ካልነፉ ጎማቸው የማይዞር ይመስላቸዋል። ባለቤቴ ስትደውል ከእኔ አፍ የምትሰማው የፍቅር ቃል "ምን?" የሚል ብቻ ነበር።

ባለቤቴ ብርቄ ትባላለች። ከተጋባን አራት ዓመታችን ነው፤ ሁለቱን የኖርነው በስልክ ነው። ነይ ስላት "ከስድስት ግንበኛ ጋር ልታስተኛኝ ነው?" ትለኛለች። እውነቷን ነው። በመጨረሻ አንድ ቀን በጄኔሬተሩ ላይ ጮኻ እንዲህ አለችኝ፦ "ስማ፣ ጸጥ ያለ ቤት ፈልግ። መጥቼ ሦስት ቀን አየዋለሁ። ካልጣመኝ ቅዳሜ በመጣሁበት መኪና እመለሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን በስልክ ውስጥ የሚኖር ባል አልፈልግም።" ይህን ሁሉ ከተናገረችው ውስጥ አንዲትም ቃል አላመለጠችኝም። ሰው አንዳንድ ነገር በጄኔሬተርም ላይ ይሰማል።

ወዲያው ቤት ፍለጋ ወጣሁ። ዕድል ቀንቶኝ መሐመድ ሞጌ ከሚባለው ሰፈር ጫፍ፣ ከተማው አልቆ ሜዳው ከሚጀምርበት፣ አንዲት ክፍል ከትንሽ ግቢ ጋር አገኘሁ። መንገዱ አቧራ ነው። በግራና በቀኝ የድንጋይ አጥር፣ በየአጥሩ የብረት በር፣ በየበሩ ጥግ የተኛች ፍየል። ከቀትር በኋላ ሰፈሩ በሙሉ በሩን ዘግቶ ያርፋል፤ ያኔ የሚሰማው ንፋሱና የአህያ ጋሪ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጆሮዬ ሥራ ፈትቶ ግራ ተጋባ። ፍየል ስታመሰኳ የሰማሁ ቀን ግን ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ብርቄ ይህን ሰምታ ካልወደደች ምንም አትወድም አልኩ።

ቤቱ ቁጥር የለውም፤ መንገዱ ስም የለውም። ሰው የሚገኘው በበሩ ቀለም ነው። "ቢጫው በር"፣ "አረንጓዴው በር"፣ "ግማሹ የተላጠው በር" ይባላል፤ ባጃጁም የውሃ ቦቴውም እንግዳውም በዚህ ሳይሳሳት ይደርሳል። እኔ ራሴ ለብርቄ የሰጠኋት አድራሻ፣ "ከባጃጅ ስትወርጂ ቀዩን በር ፈልጊ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው የእኛ ነው" የሚል ነው። የኢትዮጵያ ስልክ ከድንበር ወዲህ አይሠራምና "ቀይ በር" የሚለውን በሶማልኛ ሳይቀር አስጠንቻት ነበር። ይህን ያዙልኝ። የበሩ ቀለም አድራሻ መሆኑን አላወቀም ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው። አውቄ ነው።

ቀዩ በር የኤዶ ሳህራ ነው። ኤዶ እዚህ አገር እንደ እኛ "እትዬ" ነው። ኤዶ ሳህራ በስደት ዘመን ጅግጅጋ ኖረዋልና አማርኛ ያውቃሉ። በገባሁ ዕለት ፍራሼን ከጋሪ ሳወርድ አይተው አንድ ትልቅ ሰሃን ሩዝ በድንችና በአትክልት ላኩልኝ፤ ከጎኑ አንድ ሙዝ። አጥሩ ላይ ብቅ ብለውም፣ "ሥጋ አላደረግሁበትም፣ የእናንተን ነገር አውቃለሁ። በልተህ ተኛ" አሉኝ።

ሙዙን ለብቻው ልበላ አስቀመጥኩት። "እንዴ! ከሩዙ ጋር ነው እንጂ፣ ማን አስተማረህ?" ብለው ተቆጡኝ። ቁጣው ራሱ ቤት ቤት ይል ነበር። እዚያች ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሩዝ በሙዝ እየበላሁ ሆዴ ባባ።

ችግሩ የመጣው ሰሃኑን ካጠብኩ በኋላ ነው። በእኛ አገር ሰሃን ባዶውን አይመለስም። ቢያንስ ቆሎ፣ ቢያንስ ሁለት ብርቱካን ተደርጎበት ነው። እኔ ጋ የነበረው ግማሽ ሽንኩርትና ያለቀ የሳሙና ቅሪት ነው። ሰሃኑን ይዤ ግቢ ውስጥ ሦስት ጊዜ ዞርኩ። አራተኛው ዙር ላይ ዓይኔ ከቀለሙ ጋር ተጋጨ።

ስለ ቀለሙ ልንገራችሁ። 26 ጁን በሚባለው ሰፈር አንድ ትልቅ ቪላ እየቀባሁ ነበር። ባለቤቱ ለበርና ለመስኮት ብረት ሰማያዊ ዘይት ቀለም በብዛት አስመጡ። እመቤቲቱ ከውጭ አገር መጥተው አንዱን መስኮት አዩና፣ "ይህ መኖሪያ ነው ወይስ ክሊኒክ?" አሉ። ሁሉም ወደ ነጭ ተቀየረ። ባለቤቱም ለእኔ፣ "ወላል፣ ይህን ሰማያዊ ከፊቷ አጥፋልኝ" አሉኝ። ወላል ወንድሜ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ሃያ ጋሎን ሰማያዊ ቀለም አንዲት ክፍሌን ግማሽ ይዞ ከእኔ ጋር ይኖር ነበር።

በማግስቱ ዓርብ ነው፤ ሥራ የለም። የኤዶ ሳህራን በር በብረት ብሩሽ ፍቄ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ሁለት እጅ ቀባሁት። በፀሐይ ሲታይ አዲስ ሰርግ ቤት መሰለ። ሰሃኑን በሩ ሥር አስቀምጬ ተመለስኩ። ባዶውን አልነበረማ!

ኤዶ ሳህራ ወጥተው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ "ማሻ አላህ! ማሻ አላህ!" ብለው መንገዱን በሙሉ ጠሩ። ያኔ ቢሰድቡኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከማላውቀው ቤት ፓስታ መጣልኝ። ፓስታውም ሙዝ አለው። ሰሃኑን ባዶ መመለስ አይሆንም፤ ቢጫው በር ሰማያዊ ሆነ። ወዲያው ከአረንጓዴው በር ባቄላ፣ ከግራጫው በር በዘይት የተጠበሰ ዓሣ። ሰዎቹ እንግዳ ለመቀበል ብለው ይላኩ ወይም የኤዶ ሳህራን በር ዓይተው፣ እስከ ዛሬ አላጣራሁም፤ ማጣራትም ነውር ነው። አንዳንዱ ሰሃን ከመምጣቱ በፊት ላኪዋ በሩን በጨርቅ ስትወለውል አይ እንደነበር ግን አልደብቃችሁም። እኔ እየበላሁ እቀባለሁ፣ እየቀባሁ እበላለሁ። በሁለት ሳምንት ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ወደ ኋላ ሄደ፤ የራሴን ጨምሮ አሥራ ሦስት በር ሰማያዊ አደረግሁ። አሥራ አራተኛው የሰፈሩ ነጋዴ በር ነው፤ እሱ ከጥንትም ሰማያዊ ነበር፤ በሰፈሩ ብቸኛው ሰማያዊ በር።

ሥራዬን ጨርሼ መንገዱ ጫፍ ላይ ቆሜ አየሁት። አሥራ አራት ሰማያዊ በር፣ እንደ ተማሪ ተሰልፎ! ከመሬት ብድግ ያልኩ መሰለኝ። ብርቄ ስታየው ምን ትላለች አልኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ የሳተው የውሃ ቦቴው ነው። "ቢጫው በር" ብለው የጠሩትን ቤት ፈልጎ ያጣ ሾፌር ደስ ባለው ሰማያዊ በር ገብቶ ውሃውን በሙሉ እዚያ ቤት ጉድጓድ ውስጥ ገለበጠው። የቤቱ ሽማግሌ "አላህ ሰጠ" ብለው ተኙ። የጠሩት ቤት ሴቶች ደግሞ ልብስ ዘፍዝፈው በሳሙና እጃቸው መንገድ መንገዱን ያያሉ። በማግስቱ ቁርዓን የሚያስቀራው መምህር ግባ ያልተባለበት ቤት ገባና የተቀመጡትን ልጆች አንድ ሰዓት ሙሉ አስቀራቸው። ልጆቹ ለጉብኝት የመጡ የእህት ልጆች ናቸው፤ ምን እንዳጠፉ ሳያውቁ እያለቀሱ ቀሩ።

እኔም አልቀረልኝም። ከሥራ ስመለስ ጭንቅላቴ ቀለም ቀለም እያለው በሩን ገፍቼ ገባሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ሸሚዜን አውልቄ ወደ በርሜሉ ሄድኩ። በርሜሉ አጠገብ አንዲት ሴትዮ ሳፋ ይዘው ቆመዋል። የጮኹትን ጩኸት ያ ድምፅ ማጉያ ሻጭ ቢሰማው በደመወዝ ይቀጥራቸው ነበር። ጫማዬን እዚያው ትቼ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ሮጬም የገባሁት የእኔ ቤት አልነበረም። በሰፈሩ ሳይሳሳቱ ቤታቸው የሚገቡት ፍየሎቹ ብቻ ሆኑ።

ይህ ሁሉ ግን በሳቅ ያልፍ ነበር፤ የሽማግሌዎቹ ነገር ባይመጣ።

በመንገዱ መጨረሻ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ፣ አዴር ጃማ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ይኖራሉ። አዴር "አጎቴ" እንደ ማለት ነው፤ ለአክብሮትም ይባላል። ሰፈሩ ሲጣላ የሚዳኙት እሳቸው ናቸው፤ በጅግጅጋው ዘመን የያዙት አማርኛ አላቸው፤ ሲቆጡ ይበልጥ ይጠራል። ሆዳን የምትባል ዩኒቨርሲቲ የምትማር ሴት ልጅ አለቻቸው።

አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሰባት ሽማግሌዎች፣ ከዘራ ይዘው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ ልጅ ሊጠይቁ መጡ። የመጡት ለነጋዴው ሴት ልጅ ነው። የተነገራቸው "ሰማያዊው በር" ተብሎ ነው፤ እስከ ወር በፊት ድረስ ፍጹም ትክክል የሆነ አድራሻ። የገቡት አዴር ጃማ ቤት ነው።

አዴር ጃማ እንግዳ "ለምን መጣህ" አይሉም። ምንጣፍ አነጠፉ፣ ሻይ አስመጡ። ሽማግሌዎቹ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግመሉ፣ ስለ ዘመድ አዝማዱ አንድ ሰዓት አወሩና በመጨረሻ፣ "ልጃችን ልጅዎን ፈልጓል" አሉ። አዴር ጃማ ደነገጡ፤ ወዲያው ደግሞ ደስ አላቸው። እንደዚህ ያሉ ጨዋ ሽማግሌዎች የላከ ቤት መጥፎ ቤት አይሆንም። "ኢንሻ አላህ" አሉ። ዱዓው ተደረገ። ሁሉም "አሚን" ሲል ከጓዳ የሆዳን ድምፅ ተሰማ።

"አቦ! ማንን ነው የምትድሩት? እኔ ፈተና አለብኝ!"

ከዚያ በኋላ ያለውን ዝርዝር አልነበርኩበትምና አልምልም። ሽማግሌዎቹ በጥድፊያ ሲወጡ ጫማ ተለዋውጠው እንደወጡ ግን ሁሉም ይስማማል። ነጋዴው ቤት ሲደርሱ ምግቡ ቀዝቅዟል፤ ነጋዴው ደግሞ "ለካ ልጄን ንቃችኋል" ብሎ አኩርፏል። አዴር ጃማ አንዲት ልጃቸውን በሻይ መሀል ድረው በሻይ መሀል አፋትተዋል። ጥፋተኛው ማን ነው ተብሎ ሲመረመር የእኔ ስም አልተጠራም፤ ስሜን የሚያውቅ አልነበረም። "ሪንጂሌ" ነው የሚሉኝ፣ ባለ ቀለሙ። በማግስቱ ይህች ቃል በየግቢው ስትዞር ስሰማት ዋልኩ።

እሑድ አዴር ጃማ አጥር ሥር ካለችው ግራር ጥላ ተጠራሁ። ሰፈሩ ሙሉ ተቀምጧል። አዴር ጃማ መነጽራቸውን ጠርገው አዩኝ።

"ልጄ፣ እጅህ መልካም ነው" አሉ። "ጭንቅላትህን ግን ጠዋት ስትወጣ ቤት ትተኸው ነው የምትወጣው።"

"እውነት ነው አዴር።"

"ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። ለሁሉም ተማሪ አንድ ስም ያወጣ መምህር ግን አላየሁም።"

ከማፈሬ የተነሳ ያልተጠየቅሁትን ሁሉ ለፈለፍኩ። ባለቤቴ በመጪው ሐሙስ እንደምትመጣ፣ ሦስት ቀን አይታ እንደምትወስን፣ የሰጠኋት አድራሻ ቀይ በር እንደነበረና ቀዩን በር በገዛ እጄ እንዳጠፋሁት ተናገርኩ። ሐሙስ መናኸሪያ ወጥቼ ስለምጠብቃት ግን አትጠፋም አልኩ። ሴቶቹ "ሚስኪን" ተባባሉ። እኔን ይሁን ብርቄን አላወቅሁም።

ፍርዱ ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ በር ወደ ቀድሞ ቀለሙ ይመለስ። ቀላል መስሎኝ ነበር ማለቴ ነው። የቀድሞውን ቀለም የሚያስታውስ ጠፋ! ባል "ግራጫ ነበር" ሲል ሚስት "ሃያ ዓመት የገባሁበትን በር ልታስተምረኝ ነው?" ትላለች። የተላጠው በር ባለቤት ወርቃማ ነበር ብሎ ድርቅ አለ። ኤዶ ሳህራ ከነአካቴው እምቢ አሉ፤ "እኔ ሰማያዊዬን አልሰጥም፤ ቀዩን የፈለገ ይውሰድ!"

ቀዩን አዴር ጃማ ወሰዱት። "የእኔም በር በጥንቱ ቀይ ነበር" አሉ። ዝገቱን ነው ቀይ የሚሉት፤ ግን ዳኛን ማን ይዳኛል? ከሥራ መልስ ሰኞና ማክሰኞን እሱን ስፍቅና ስቀባ አመሸሁ። ማክሰኞ ሲመሽ በሰፈሩ አሥራ ሦስት ሰማያዊና አንድ ቀይ በር ነበር፤ ቀዩም ከመታጠፊያው ወዲያ፣ ከእኔ ቤት ተቃራኒ ጫፍ።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ 26 ጁን ቪላው ጣሪያ ሥር ሮሎዬን ይዤ መሰላል ላይ እንዳለሁ ስልኬ ጮኸ። ጅግጅጋ ያለው የብርቄ አጎት ልጅ ነው።

"ደረሰች?" አለኝ።

"ማን?"

"ብርቄ ናታ! መኪና አግኝታ ከትናንት ወዲያ ነው የመጣችው፤ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ከዚህ ወጣች። ልታስደንቅህ ነው አትንገረው ብላኝ..."

ከመሰላሉ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ ነጩ ቀለም ግን ከእኔ ቀድሞ ወርዷል። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ቆጠርኩ። ጎህ ሲቀድ ከጅግጅጋ፣ ድንበሩን አልፋ፣ እስካሁን ሀርጌሳ ከገባች ሦስት ሰዓት ሆኗታል። ስልኳ አይሠራም። ከሶማልኛ የምታውቀው ሁለት ቃል ነው፤ ሁለቱንም እኔ ዋጋ አሳጥቻቸዋለሁ። በዚህ ፀሐይ ሻንጣዋን ይዛ፣ ዝምታ ብቻ ባለበት መንገድ፣ አሥራ ሦስት ዓይነቱ አንድ የሆነ በር ፊት ቆማ ታየችኝ። ያቺ ያወደስኳት ጸጥታ ለጠፋ ሰው ምን ያህል እንደምታስፈራ ያኔ ገባኝ። ቅዳሜን ማን ይጠብቃል፤ አሁኑኑ ወደ መናኸሪያ ተመልሳለች አልኩ። ሁለት ዓመት የለመንኳትን ሴት በአንድ ጣሳ ቀለም ሸኘኋት። ባጃጁ ውስጥ አለቀስኩ፤ ማፈሬን ልደብቃችሁ አልፈልግም።

በሬ ተቆልፏል። ኤዶ ሳህራ ገበያ ሄደዋል። የመጀመሪያውን ሰማያዊ በር ደበደብኩ። ሳፋ ይዘው የጮኹት ሴትዮ ነበሩ፤ ጫማዬን በፌስታል አቀበሉኝ።

"ሐበሻ ሴት? አዎ መጥታለች" አሉኝ፤ በተሰባበረው ሶማልኛዬ የገባኝን ነው። "በእጇ እንዲህ እንዲህ እያደረገች የመቀባት ምልክት አሳየችን። ሌላ ቀለም ቀቢ መጣች ብለን ልንከለክላት ነበር። ኋላ ሻይ ሰጠናት። ብርጭቆዎቹን በሙሉ አጥባ ሄደች።"

ሁለተኛው በር፣ ውሃው በስህተት የተገለበጠላቸው ሽማግሌ። ውሃ አጠጥተዋታል፤ ግቢያቸውን ጠርጋላቸዋለች። ሦስተኛው በር፣ መንታ ያላት እናት። ብርቄን ገና ሻይ ሳትጨርስ አንዱን ሕፃን ታቅፋ አስተኝታላታለች። ቆም ብዬ አሰብኩ። ሴቲቱ በየቤቱ ሻይ ይሰጧታል፤ እሷም በየቤቱ ሳትመልስ አትወጣም። እኔ ደግሞ ብቻዬን የታመምኩ መስሎኝ! አራተኛው ቤት ፀጉሯ ሁልጊዜ የሚንጨባረረውን ሕፃን ልጅ በር ላይ ቆማ አገኘኋት፤ አሁን ግን ጭንቅላቷ ላይ ስምንት ቀጫጭን ሹሩባ አለ። ብርቄ ኮምቦልቻ ላይ እንጀራዋ ይኸው ነው፤ ያልተሠራ ፀጉር አይታ ማለፍ አትችልም። ሕፃኗ ሹሩባዋን እያወዛወዘች በጣቷ ወደ ላይ፣ ወደ መታጠፊያው አሳየችኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከመታጠፊያው ወዲያ ያለው የቀዩ በር ቤት ነው፤ የዳኛዬ ቤት።

አዴር ጃማ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ነጭ ቀለም ከነፀጉሬ የለበስኩትን እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ውስጥ ናት" አሉ።

ወደ ውስጥ ልሮጥ ስል ከዘራቸውን በሩ ላይ አጋድመው ያዙት።

"አንተ አትገባም። ሴቶቹ ሻሽ አውልቀዋል፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እዚያ ነው። ተቀመጥ።"

"አዴር፣ ሚስቴን ካየኋት ሁለት ዓመት..."

"እኔም የራሴን ሚስት ከጠዋት ጀምሮ አላየሁም። ተቀመጥ።"

አጥሩ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሻይ ቀዱልኝ። ሆዳን ፈተናዋን ጨርሳ መጥታ ብርቄን በሩ ላይ አግኝታት ነው አሉ ያስገባቻት፤ የማን ሚስት እንደሆነች ወዲያው ነው ያወቁት። ምሳ አብልተዋት አርፋለች። ነጋዴውን ሽማግሌዎቹ አስታርቀውታልና የሴት ልጁ ኒካህ ቅዳሜ ነው። ሙሽሪት ብርቄ ፀጉር እንደምትሠራ ሰምታ ከነጓደኞቿ እዚያች ክፍል ውስጥ ተሰብስባለች። ከበሩ ላይ የተንጠለጠለው መጋረጃ በንፋስ ይወዛወዛል። ከጀርባው የሴቶች ሳቅ ይመጣል፤ ከመካከሉ አንዱን ሳቅ ለየሁት። ሁለት ዓመት በሽቦ እየተቆራረጠ ይደርሰኝ የነበረው ሳቅ ሳይቆራረጥ፣ አሥር እርምጃ ላይ። እነዚህ ሰዎች ውሃቸውን አፍስሼ፣ ልጃቸውን በስህተት አስድሬ፣ በራቸውን አጥፍቼባቸው፣ እነሱ የእኔን ሰው ከመንገድ አንስተው ወገናቸው አድርገዋታል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለውን ስል ኖሬያለሁ፤ ያኔ ነው የገባኝ። ይህን ለአዴር ጃማ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ "አዴር፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብቻ አልኩ።

"በር አትቀባልኝ እንጂ ግድ የለም" አሉ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ ወደ መጋረጃው ተጣራሁ። "ብርቄ!"

ሳቁ ጸጥ አለ።

"አቤት! መጣህ?" አለች። "በል ጠብቀኝ፣ እጄ ሥራ ይዟል።"

"እንደምን ደረስሽ? ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በሮቹን እኔ ነኝ... ይቅርታ አድርጊልኝ..."

"ነግረውኛል" አለች፤ በምን ቋንቋ እንደነገሯት እግዜር ይወቅ።

የምፈራትን ጥያቄ ሳልጠይቅ ሻዩ አይወርድልኝም ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። "የ... የቅዳሜው መኪናስ?"

አዴር ጃማም ብርጭቋቸውን ከአፋቸው አውርደው እንደ እኔ ጆሯቸውን አቆሙ። እሑድ ዕለት ግራሯ ሥር ያልኩትን አልረሱም።

"ቅዳሜ?" አለች ብርቄ። "ቅዳሜማ አልችልም። ሰርግ ነው፤ አምስት ፀጉር ይዣለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የመንታዎቹ እናት ቀጥራኛለች።"

አዴር ጃማ አማርኛውን በሙሉ ያገኙት አልመሰለኝም። "ምን አለች?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"አትመለስም" አልኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ።

"ተመስገን" አልኩ።